እስከ ስድስት ሰዓት

አሰለፈች ከግድግዳ ጋር ከታሰረች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ማሰሪያዋ ሰንሰለት አይደለም፤ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ነው። ከአፍንጫዋ ይነሣና በሁለቱ ጆሮዎቿ ላይ ዞሮ፣ በደረቷ ወርዶ፣ ወለሉን አቋርጦ ከመኝታዋ አጠገብ የቆመው ማሽን ውስጥ ይገባል። ማሽኑ ከቤቱ አየር ኦክስጅኑን እየለየ ይልክላታል። ቁመቱ የአንድ ወር ጥጃ ያህላል፤ ቀን ከሌት እያጉረመረመ ይተነፍሳል፤ እሱ ሲተነፍስ እሷም ትተነፍሳለች። ቱቦው እስከ ቤቱ ደጃፍ ያደርሳታል። እስከ አጥሩ በር አያደርሳትም።

ደጃፉ ላይ በርጩማ አላት። ሰማዩ ጥርት ባለ ጠዋት ከበርጩማዋ ላይ ሆና ከደብረ ታቦር ቤቶች ጣሪያ በላይ የጉናን ጀርባ ታያለች። ከጉና ሥር፣ ከክምር ድንጋይ ወዲያ፣ አስታ ሜዳ የምትባል መንደር አለች። አሰለፈች የተወለደችው እዚያ ነው። መንደሯ ከደጃፏ አትታይም፤ በየት በኩል እንደሆነች ስለምታውቅ ግን ዓይኗን ከዚያ አታነሣም።

ኑሮዋን ከጠየቋት አሳጥራ ነው የምትናገር። ባሏ የሞተው ኢሕአዴግ በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። ልጇን እመቤትን አዝላ ወደ ደብረ ታቦር መጣች፤ አንዲት ክፍል ተከራይታ አረቄ ማውጣት ጀመረች። ሃያ ሁለት ዓመት እሳቱ ሥር ተቀምጣ የአረቄው ጠብታ ሲንጠባጠብ ጠበቀች። እመቤት በዚያ ጠብታ ተምራ አስተማሪ ሆነች። ልጇ ኮሌጅ የገባች ዓመት አሰለፈችም የጎልማሶች ትምህርት ገብታ፣ ሃምሳ ሊሞላት ሁለት ሲቀራት፣ ሀ ሁ ብላ ፊደል ቆጠረች። ከዚያ ወዲህ የሚያስፈልጋትን ሁሉ በደብተር ትጽፋለች። ፊደሎቿ ትልልቆች ስለሆኑ አንዱ ገጽ ከአምስት መስመር በላይ አይዝላትም። ትጽፍና የጻፈችውን ታምናለች።

የሆስፒታሉ ሐኪም የደረቷን ፎቶ ወደ ብርሃን አንሥቶ እያየ፣ «እናቴ፣ ሳንባዎን ጭስ በልቶታል» አላት።

«እኔም ጭሱን በልቼ ልጅ አስተምሬያለሁ፤ እኩል ነን» አለችው።

ሐኪሙ ሳቀ። ማሽኑን ግን አላስቀረላትም።

መታሰሩን ችላዋለች። ያልቻለችው እቴነሽን ነው። እቴነሽ ታላቅ እህቷ ናት፤ በዘጠኝ ዓመት ትበልጣታለች። እናታቸው ስትሞት አሰለፈች የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያሳደገቻት እቴነሽ ናት። ስሟን ጠርታት አታውቅም፤ «እታለም» ነው የምትላት። እቴነሽ ከአስታ ሜዳ ወጥታ አታውቅም። አሰለፈች በታመመችበት ዓመት እሷም ከጭቃ ላይ ተንሸራትታ ዳሌዋ ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ከመደብ እስከ ግቢ እየተደገፈች ከመውጣት በቀር መኪናም በቅሎም አይሆናትም። አንዷ ቱቦ ይዟት፣ አንዷ ዳሌ ይዟት፣ መኻላቸው የሁለት ሰዓት መንገድ ብቻ ሆኖ ሦስት ዓመት ሳይተያዩ ቀሩ።

ስልክ አለ ይባል ይሆናል። የእቴነሽ ልጅ ሙላቴ፣ አርባ ዓመት ያለፈው ገበሬ፣ ስልክ አለው። ኔትወርኩ ግን ያለው ከጋራው አናት ነው። አልፎ አልፎ፣ ነፋሱ እንደፈቀደ፣ ወደ ግቢያቸው ይወርድና ሁለቱ እህትማማቾች «ደኅና ነሽ?» «ደኅና ነኝ» ይባባላሉ፤ ሦስተኛው ቃል ላይ ይቋረጣል። ከመቋረጡ በፊት እቴነሽ የማትተዋት አንዲት ቃል ነበረቻት። «ዓይንሽን ሳላይ እንዳልሞት» ትላለች። አሰለፈች ስልኩን ለልጇ ትመልስና ደጃፉ ላይ ትቀመጣለች።

በዚያ ዓመት የከተማው መብራት በፈረቃ ነበር። ሌሊት አይጠፋም፤ ቀን ግን አንዱ ቀን እስከ ስድስት ሰዓት ይበራና እስኪመሽ ይጠፋል፤ በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጠፍቶ ከስድስት ሰዓት በኋላ ይመጣል። መብራቱ ሲሄድ ማሽኑ እንደተረገጠ ድመት ይጮኻል። ያን ጊዜ አሰለፈች ደጃፉ ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጥና ሳትናገር፣ ሳትንቀሳቀስ፣ ትንፋሿን እንደ ቁና እህል እየሰፈረች ትቆያለች። ከንፈሯ ይጠቁራል። እመቤት ይህን ማየት አልቻለችም። ትምህርት ቤት ውስጥ አንዱ መምህር ስለ አንድ ትልቅ ባትሪ ነገራት፤ ፓወር ስቴሽን ይሉታል አለ፤ ከግድግዳ መብራት ጠጥቶ ያስቀምጥና መብራት ሲጠፋ መልሶ ይሰጣል። ተሸክመውት ይሄዳሉ።

አሰለፈች «ተሸክመውት ይሄዳሉ» የሚለውን ሰማች። ሌላውን አልሰማችም።

ባትሪ የሚሸጠው ሙስጠፋ ነበር። ሱቁ ገበያው መንገድ ላይ ነው፤ ልጅነቱ ግን ከአሰለፈች አጥር ማዶ ነው ያለፈው። የአረቄው ሽታ አጥር ዘሎ ሲመጣባቸው እናቱ ሩቅያ አፍንጫዋን በሻርፕ ትይዝ ነበር እንጂ አንድ ቀን ክፉ ቃል ወጥቷት አያውቅም። ሙስጠፋ የእመቤትን ጥያቄ እንደሰማ፣ ሱቅ ውስጥ ቁሞ መምረጥ አይሆንም፣ ባትሪ ከሚሠራለት ማሽን ጋር ተገናኝቶ ነው የሚታወቅ ብሎ ሦስቱን በባጃጅ ጭኖ ራሱ መጣ።

ወለሉ ላይ ደረደራቸው። አንደኛው የዳቦ ያህል ነው፤ ሁለተኛው የድሮ ትልቅ ሬዲዮ ያህላል፤ ሦስተኛው እጀታ ኖሮት እንኳ ሙስጠፋ በሁለት እጁ ይዞት እያቃሰተ ነው ያስገባው።

«እማማ አሰለፈች፣ እዚህ ላይ ሁለት ቁጥር ተጽፏል» አላት ከፊቷ ቁጢጥ ብሎ። «አንዱ ዋት ነው፤ አንዱ ዋት ሰዓት። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳት። እንስራ ያስቡ። ዋቱ አፉ ነው፤ በአንድ ጊዜ ምን ያህል ያፈሳል የሚለው። ዋት ሰዓቱ ሆዱ ነው፤ ምን ያህል ይዟል የሚለው። አፉ ጠባብ ከሆነ ሆዱ ቢሰፋ አይጠቅምዎትም።»

«አፉ ሰፊ ሆኖ ሆዱ ባዶ የሆነ ሰውም አውቃለሁ» አለች አሰለፈች።

ሙስጠፋ ሳቀና ማሽኑን ከግድግዳው ነቅሎ ከዳቦዋ ላይ ሰካው። ባትሪዋ አንዴ ጢጥ ብላ ጠፋች። ማሽኑ ሲነሣ ብዙ ይጎትታል፤ ሲነሣ የሚበላውና ከተነሣ በኋላ የሚበላው አንድ አይደለም አለ። ሁለተኛው አስነሣው። ማሽኑ አጉረመረመ፤ እመቤት ፊቷ በራ። ቀለል ያለ ነው፤ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፤ ፈረቃው ሲዛባ አንድ ሁለት ሰዓት ያሻግራታል ብላ ይህ ይበቃል አለች። ሙስጠፋም ለቤት ከሆነ አይከፋም አለ።

አሰለፈች ሁለቱም እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«አስታ ሜዳ አድርሶ የሚመልሰኝ የትኛው ነው?»

ማሽኑ ብቻ ነው ያጉረመረመ።

እመቤት ቀድማ ተናገረች። ብርዱን አነሣች፤ ከፍታውን አነሣች፤ ከመኪና መንገዱ እስከ መንደሩ ያለውን የእግር መንገድ አነሣች፤ ሐኪሙን አነሣች። አሰለፈች ሁሉንም ሰማቻት። ከዚያ፣ «እታለም ዳሌዋ ባይሰበር እሷ ትመጣ ነበር» አለች። ሌላ አልጨመረችም። እመቤት ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ለእንግዳው ሻይ እያፈላች እንደሆነ ለማስመሰል ብርጭቆ ስታንኳኳ ትሰማ ነበር።

ሙስጠፋ ሦስተኛውን ሰካ። ማሽኑ ያለ ምንም ማንገራገር ተነሣ። ሙስጠፋ ከማሽኑ ጀርባ የተጻፈውን አነበበ፤ በስልኩ ደመረ፤ አካፈለ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን እንዳታምን ነገራት፤ ወፍጮ ቤት ከሚፈጨው እህል ጥቂቱ እንደሚቀር ሁሉ ባትሪውም ለራሱ የሚያስቀረው አለ፤ ብርድም ይቀንስበታል። ጋቢ እንዳታለብሰው፤ ከጎኑ ያለው ወንፊት ትንፋሹ ነው።

«እንደኔው ነዋ» አለችው።

«እንደርስዎ ነው» አለ ሙስጠፋ። ከዚያ በስልኩ ላይ የወጣውን ቁጥር እንደገና አየና ቁርጡን ነገራት። «እስከ ስድስት ሰዓት ይሠራል። ከዚያ በላይ አይመኑት።»

አሰለፈች ደብተሯን አውጥታ በትልልቅ ፊደል ጻፈች፤ እስከ 6 ሰዓት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። እመቤት ሻይ ይዛ ስትመጣ ደብተሩ ተከድኖ ነበር፤ ሙስጠፋም ስለ አቧራ እያወራ ነበር። ትልቁ እዚያው ቀረ። መግዣው ከአስታ ሜዳ የመጣ ነው፤ የአሰለፈችን ድርሻ ባሕር ዛፍ እቴነሽ አስቆርጣ ሸጠችላት።

ኅዳር ገባ። የጉና ሥር ገብስ የሚታጨድበት ጊዜ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ መንገዱም ደርቋል። ሙላቴ ፒክአፕ ተከራይቶ በጠዋት ደረሰ። እመቤት ተማሪዎቿን የምትፈትንበት ቀን ስለነበር አብራ መሄድ አልቻለችም፤ ሌላ ቀን እንዳይባል ደግሞ መኪናውም ሙላቴም የተገኙት ለዚያ ቀን ብቻ ነው። ባትሪው ሌሊቱን ጠጥቶ አድሯል፤ ቁጥር የሚታይበት ትንሽ መስኮቱ ላይ መቶ ይላል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ማሽኑን ከግድግዳው ነቅለው ባትሪው ላይ ሰኩት። እመቤት ሙስጠፋ ባትሪውን ሲያስረክብ የነገራትን ይዛ፣ ነጠላዋን እያስተካከለችላት፣ «እማዬ፣ ስድስት ሰዓት ነው፤ አደራ እንዳያልፍብሽ» አለቻት።

«አውቃለሁ፤ ጽፌዋለሁ።»

መኪናው ሲነሣ አሰለፈች ወደኋላ አልዞረችም። ሦስት ዓመት ሙሉ በደጃፍ ልክ ያየችው ዓለም በሁለቱም በኩል እየተከፈተላት ሄደ። የባሕር ዛፉ ሽታ፣ አውድማ ላይ የተከመረው ገብስ፣ ከአጥር ላይ የተሰጣ ስልቻ፣ ሁሉንም ስሙን እየጠራች አየች። ሙላቴ አክስቱ የምታወራው ከሱ ጋር መስሎት «አቤት?» ሲላት፣ ካንተ ጋር አይደለም አለችው።

ሦስት ሰዓት ላይ መኪናው ከመንገዱ ዳር ቆመ። ከዚያ በኋላ እግር ነው። ስምንት ጎረምሶች ሁለት ቃሬዛ ይዘው ይጠብቁ ነበር፤ በአንዱ አሰለፈችን፣ በሌላው ማሽኑንና ባትሪውን አሰሩ፤ ቱቦው እንዳይጎተት ጎን ለጎን እኩል መራመድ ነበረባቸው። ይህ እንግዳ ነገር ነው። በዚያ አገር ቃሬዛ ከመንደር ወደ ከተማ በሽተኛ ይዞ ይወጣል እንጂ ከከተማ ወደ መንደር ሲመለስ የያዘው ሬሳ ነው። ሁለት ቃሬዛ ጎን ለጎን ሲመጣ ደግሞ ምን ይባላል። ገብስ የሚያጭዱት ሰዎች ማጭዳቸውን ጥለው ቆሙ። አንዲት ሴት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ለቅሶ ጀመረች። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ መንገዱ ቀረቡና፣ «ነፍስ ይማር፤ ማን ናቸው ሁለቱ?» ብለው ጠየቁ።

አሰለፈች ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። «ገና ነኝ አባቴ። ሲደርስ ሰው እልክብዎታለሁ።»

ሽማግሌው አማተቡ። ጎረምሶቹ ከሳቅ ብዛት ቃሬዛውን ሊጥሉት ምንም አልቀራቸው። የምታለቅሰዋ ሴት ግን ለማቆም ጊዜ ፈጀባት፤ ከጀመሩ አይቀር ብላ ነው መሰል።

እቴነሽ ግቢው ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ፣ ቁርበት አስነጥፋ ተቀምጣ ትጠብቅ ነበር። ለመነሣት ሞከረች፤ አልቻለችም። አሰለፈች ከቃሬዛው ወርዳ፣ ሙላቴ ደግፏት፣ የቀሩትን አራት እርምጃዎች ራሷ ሄደች። ተሳሳሙ፤ ደጋግመው ተሳሳሙ፤ ጉንጭ ለጉንጭ ሆነው ቆዩ። ሁለቱም ሊሉ ያሰቡት ብዙ ነበር፤ አንዱም አልወጣም። በመጨረሻ እቴነሽ ቀና ብላ የሚያጉረመርመውን ማሽን አየችው።

«ይህ ነው እንግዲህ የከተማ ባልሽ። ሌሊትም እንዲህ ያንኮራፋል?»

«ሌሊት ይብሳል።»

«የኔው ይሻል ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ በጎኑ ሲገለብጡት ዝም ይል ነበር።»

አሰለፈች ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤ እቴነሽ ጀርባዋን ስታሻት ተረጋጋ። የሙላቴ ሚስት ከማድ ቤት ወጥታ ሳመቻት፤ ዶሮው ገና እሳት ላይ እንደሆነ ተናግራ ተመለሰች። እቴነሽ ሻሹን ከእህቷ ራስ ላይ ገፈፈችና ፀጉሯን በጣቷ ገለጠች።

«ማነው ይህን ራስ እንዲህ የተወው?»

እመቤት ጊዜ የላትም፤ ሹሩባም አታውቅም፤ ጎረቤትም ቱቦውን ይፈራል ብላ አሰለፈች ተናገረች። እቴነሽ የሆነውን ሁሉ አልጠየቀችም። ከአጠገቧ ቅቤና ሚዶ ነበር፤ ለዚህ ብላ አዘጋጅታ ኖሯል። እህቷን ከጉልበቷ ሥር አስቀመጠቻትና ከግራ ጀመረች። ቱቦው ጆሮዋ ላይ ሲደርስ ሚዶው ያዘው፤ አነሣችው፤ ሥሩን ሠራችና መልሳ አስቀመጠችው። እጇ ጠንካራ ነበር፤ እንደ ድሮው ይጎትታል። የእናታቸው የአርባ ቀን ተዝካር ከወጣ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራቻት ቀን አሰለፈች እንዴት እንዳለቀሰች እቴነሽ አስታወሰቻት።

«ስለጎተትኩሽ ያለቀስሽ መስሎኝ ልቤ ተሰብሮ ነበር» አለች እቴነሽ። «በኋላ ነው የነገርሽኝ። የእናቴ እጅ ስላልሆነ ነው አልሽኝ።»

«ልጅ ነበርኩ።»

«አሁንስ?»

አሰለፈች ዓይኗን ጨፍና ነበር። «አሁን የናቴ እጅ ይህ ነው።»

እቴነሽ አንድ ጉንጉን ጨርሳ ሌላ ጀመረች። ፀሐዩ ይሞቃል። ከማድ ቤቱ የቁሌቱ ሽታ ይመጣል። አሰለፈች ለሦስት ዓመት የለመነችው ይህንን ነበር፤ ከዚህ የበለጠም አልለመነችም። ነገር ግን ልቧ ከአንድ ነገር ላይ አልወርድ አለ፤ ሙላቴን ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀችው። ስልኩን አየና አራት ሰዓት ሊሆን ነው አላት።

«ተነሡ» አለች።

የእቴነሽ እጅ ፀጉሩ ውስጥ እንዳለ ቆመ። «ወዴት?»

ነገረቻት። መብራቱ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው፤ መንገዱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ስድስት ሰዓት መንገድ ላይ ካገኛት ትንፋሿ ይቆማል። ይህን የምትለው እየቸኮለች ነበር፤ ሲያስቸኩላት ደግሞ ትንፋሿ ያጥራል።

«ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ እንኳ ትበረታለች እንጂ አትጠልቅም» አለች እቴነሽ። «ማነው ያዘዘው?»

«ማንም አላዘዘው። መብራት እንዲህ ነው፣ እታለም።»

እቴነሽ ወደ ባትሪው አንገቷን አሰገገች። መስኮቱ ላይ አረንጓዴ ቁጥር ነበር። ምን እንደሚል ጠየቀች፤ ስድሳ ይላል አለቻት። ጠዋትስ ስንት ይል ነበር? መቶ። እቴነሽ ዕድሜዋን ሁሉ ጎተራ ስታይ የኖረች ሴት ናት።

«ከመቶው ስድሳ እያለው ምን ያስሮጥሻል?»

አሰለፈች በትዕግሥት አስረዳቻት። የከተማው መብራት ከመጥፋቱ በፊት አይደክምም፤ ሙሉ ሆኖ እያበራ ሰዓቱ ሲደርስ ድርግም ይላል፤ ዓመቱን ሙሉ አብራው ኖራለች። ባለ ሱቁ ነግሯታል፤ ጽፋዋለች። ደብተሯን ከብብቷ አውጥታ አሳየቻት። እቴነሽ ወረቀቱን አየች። ለእሷ የተጻፈ ነገር ሁሉ አንድ ነው፤ ወንጌልም፣ የግብር ደረሰኝም፣ የእህቷ ደብተርም። እጇን ከፀጉሩ አወጣች።

«እንግዲህ ፊደል የቆጠርሽው አንቺ ነሽ» አለች። «ታውቂያለሽ።»

የሙላቴ ሚስት ድስቱን ይዛ ወጣች፤ ሥጋው ገና ነው አለች፤ ትንሽ ይቆዩ ብላ ለመነች። እህል ሳይቀምሱ ከእህት ቤት መውጣት ነውር ነው። አሰለፈች ጣቷን ቁሌቱ ውስጥ ነክራ ቀመሰች፤ በልቻለሁ አለች። እቴነሽ የግራውን ጉንጉን ጫፍ በክር ቋጠረች። ቀኙ እንደተበተነ ነበር። ሻሹን ራሷ አሰረችላት፤ አጥብቃ አሰረችው። ከዚያ እጇን ያዘቻትና ጎረምሶቹ ቃሬዛውን እስኪያነሡት አልለቀቀችም። ሲያነሡት እጇ ተንሸራቶ ቱቦው ላይ ቀረ፤ ቱቦው እንዳይነቀል ብላ ቶሎ ለቀቀችው።

ደብረ ታቦር የገቡት ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው። ሙላቴና ሾፌሩ ማሽኑንና ባትሪውን ከመኝታዋ አጠገብ አድርሰው፣ መኪናውን መመለስ ስላለባቸው ወዲያው ሄዱ። የዚያን ቀን ፈረቃ ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። አሰለፈች ማሽኑ ሲጮኽ ቶሎ ነቅላ ግድግዳው ላይ እንድትሰካው ገመዱን በእጇ ይዛ ተቀመጠች፤ ልክ ነው፣ ባትሪው ሲሄድ የከተማው ይመጣል፤ ቆጥራዋለች። ሰዓቱ ስድስት ሆነ። የጎረቤት ሬዲዮ መብራቱ መጥቶለት መጮህ ጀመረ። ባትሪው አልጠፋም። ጥቂት ቆየች። ማሽኑ ያጉረመርማል። ሙስጠፋ ደግ ነው፤ ትንሽ ጨምሮልኝ ይሆናል ብላ አሰበች። ስድስት ከሩብ ሆነ። አሁንም አልጠፋም። ያን ጊዜ ዓይኗን ከባትሪው ቁጥር ላይ አነሣች።

እመቤት ለምሳ እየሮጠች ገባች። እናቷን እቤት ስታገኛት ደነገጠች። ሻሹን ፈታች፤ ግራው ተሠርቶ ቀኙ የተበተነውን ራስ አየች።

«እማዬ፣ ከአክስቴ ጋር ተጣላችሁ?»

«ምን ያጣላናል?»

«ታዲያ ምነው ቶሎ መጣሽ?»

«ስድስት ሰዓት አይደል ያላችሁኝ።»

እመቤት ባትሪውን አየች፤ ሃያ ይላል። እናቷን አየች። «ስድስት ሰዓት ሙሉ ማለት ነው እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ከተነሣሽበት ጀምሮ። እስከ ሰባት ተኩል ነበረ። ሁለት ሰዓት ያህል መቀመጥ ትችይ…» ቃሏን ሳትጨርስ ዋጠችው፤ ዘግይታ ነበር።

አሰለፈች አላለቀሰችም፤ ማልቀስ ትንፋሽ ይፈጃል። የያዘችውን ገመድ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። እመቤት ማሽኑን ከግድግዳው ልትሰካው ስትል ከለከለቻት።

«ተዪው። ይህ የእታለም ነው። ይጨርስ።»

በርጩማዋን ወደ ደጃፉ አስጠጋች፤ ቱቦው ተከተላት። ፊቷን ወደ ጉና አዞረች። ዶሮው አሁን በስሏል። ሙላቴ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ታቀርብለታለች፤ እቴነሽ አልበላም ትላለች። ቀኙን ጀምራ ቢሆን ኖሮ አሁን ከጆሮዋ በላይ ደርሳ ነበር። አሁን ሁለተኛውን፤ አሁን ሦስተኛውን። እመቤት መጥታ ከአጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ወደ ፈተናው አልተመለሰችም፤ ለሌላ መምህር ደውላ አደራ ሰጠች። ጥቂት ቆይታ ሌላውን ጎን እሷ እንድትሞክረው ጠየቀች። አሰለፈች እምቢ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ባትሪው ጢጥ ጢጥ አለ፤ ማሽኑ ጮኸ። ሙስጠፋ አልዋሸም። እመቤት ቶሎ ተነሥታ ግድግዳው ላይ ሰካችው።

ስልኩ የጮኸው ወደ ማታ ገደማ ነው። ሙላቴ ከጋራው አናት ሆኖ ነበር፤ ነፋሱ ድምፁን ይቆራርጠዋል። እናቱ እንደላከችው ተናገረ። ሁለት ነገር አድርስ ብላዋለች። አንደኛው፣ ቀኙን ማንም እንዳይነካው፤ የእሷ ነው፤ ገብሱ ተወቅቶ ሲገባ ጨርሳ ትሠራዋለች። ሁለተኛው፣ መብራቱ ሳይሄድ ደረሽ ወይ?

እመቤት ስልኩን እናቷ ጆሮ ላይ ይዛ ስለነበር ሰማችው። አሰለፈች ብዙ አልቆየችም።

«ለጥቂት ደረስን በላት» አለች። «ግድግዳው ጋ እንደደረስን ድርግም አለ በላት። እንኳን ቶሎ ተነሣን በላት።»

ሙላቴ እሺ አለ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

እመቤት ስልኩን ይዛ እናቷን ታያት ነበር። አሰለፈች ሻሿን አንሥታ በግራው ጉንጉን ላይ አጥብቃ አሰረችው፤ የእቴነሽን ያህል አልጠበቀላትም። ቀኙ ፀጉሯ ከሻሹ ሥር አምልጦ በጉንጯ ላይ ወርዶ ነበር። አልሰበሰበችውም።